ስደተኛ ጎረቤትን ከደላላ ለመጠበቅ

አዲስ አበባ ውስጥ በሜክሲኮ፣ በልደታ ወይም በስታዲየም ዙሪያ ለኤርትራ፣ ለሶማሊያ፣ ለሱዳን ወይም ለየመን ስደተኛ ቤት ያከራየ ሰው፣ በሕገወጥ መንገድ ሰው የሚያሻግር ደላላ ወደ ግቢው መመላለስ ሲጀምር ከፖሊስ ቀድሞ ያያል። አከራይ ሁሉ ደግ ነው ማለታችን አይደለም፤ ግን ቅርብ ያለው እሱ ነው።

ከመታወቂያ ይጀምሩ። የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት የሰጠው ወረቀት በሁለቱም ገጽ ፎቶ ተነስቶ ለሁለት ታማኝ ሰዎች ይላክ። ዋናውን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ለሚል አሠሪ መስጠት አይገባም፤ መታወቂያው የተያዘበት ሰው ደመወዙን ለመጠየቅ ይፈራል፣ የሚይዙበትም ለዚሁ ነው። ስልክም ቶሎ ስለሚወሰድ ሁለት ቁጥር በቃል ይያዝ።

ሰው ቤት ለሥራ የምትገባ ሴት የአሠሪዋን ስም፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ደመወዙንና የሚከፈልበትን ቀን ጽፋ ትተው። በሳምንት አንዴ ይደወልላት። አጠገቧ ሰው ካለ ችግር እንዳለ ለመናገር «ሽሮው አለቀ» የመሰለ፣ ቀድማችሁ የተስማማችሁበት ቃል ይበቃል።

ከሁሉም የሚከፋው «አሁን ሂድ፣ ኋላ ትከፍላለህ» የሚለው ነው። ወጣቱ ሳንቲም ስላልከፈለ የተታለለ አይመስለውም። ሂሳቡን የሚሰማው ሊቢያ ደርሶ፣ ታግቶ፣ ቤተሰቡ ስልክ ላይ ጩኸቱን እየሰማ ነው። ስለዚህ «አትሂድ» ብለው አይቆጡት፤ ማታ ሳይነግርዎት ይወጣል። ይልቅ ይጠይቁት፦ መንገዱን ማን ይከፍላል? ከመተማ በኋላ የሚረከብህ ማን ነው? ስሙን ታውቃለህ? መልስ ሲያጣ ራሱ ይጠረጥራል።

ሌላው ወጥመድ «ፕሮሰስህን አፋጥናለሁ» ባይ ነው። በዩኤንኤችሲአር (በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት) መመዝገብም ሆነ ሦስተኛ አገር ለመስፈር መታጨት በነፃ ነው። ገንዘብ የጠየቀ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤት ባጅ ቢያንጠለጥልም፣ አጭበርባሪ ነው።

የማስለቀቂያ ስልክ ከተደወለ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ የድምፅ መልእክቱና ገንዘብ አስገቡበት የተባለው የባንክ ሒሳብ አይጥፋ፤ ለፖሊስ ይቅረብ። አዲስ አበባ ውስጥ 991 ይደወላል። ቤተሰብ ከከፈለም በኋላ ታጋቹ ለሌላ አጋች የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት ይንገሯቸው። ደላላውን ግን ራስዎ አይጋፈጡት፤ ስልኩን ቀይሮ ይሰወራል፣ ቂሙን በስደተኛው ላይ ይወጣል።

የተደፈረች ካለች ሰዓት ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናም የሕግ ድጋፍም በአንድ ቦታ የሚገኝበት ማዕከል አለ።

ብዙዎች «ፈቅጄ ስለሄድኩ እታሰራለሁ» ብለው ዝም ይላሉ። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ግን በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድን እንደ ፈቃድ አይቆጥርም። ቃል ሲሰጡ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ዓረብኛ የሚችል ይፈለግ፣ ግን ከዚያው ግቢ ወይም ከደላላው ዘመዶች አይሁን፤ ለሴት ሴት ብትተረጉም ይመረጣል።