ከማትሪክ ውጤት እስከ ኢንጂነሪንግ፦ ዕድላችሁን እንዴት ታሰላላችሁ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ እስከ ማራኪ አንድ ጥያቄ ይሰማል። «ይህ ውጤት ኢንጂነሪንግ ያስገባል?» ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ ሦስት ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይ? የትኛው ዩኒቨርሲቲ? እዚያ ከገቡ በኋላስ ምህንድስና ይደርሳል ወይ? ሦስቱም የሚወሰኑት በተለያየ ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ የሚወስነው ማትሪክ ብቻ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህንን ስለማያውቅ ልጁን ወይ ያለጊዜው ተስፋ ያስቆርጠዋል፣ ወይ ያለጊዜው ያዘናጋዋል።

1. ውጤቱን ወደ መቶኛ ለውጡ

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና) ይፈተናል። ድምሩ ከ600 ነው። ማለፊያው 50 በመቶ፣ ማለትም 300 ነው። ያገኛችሁትን ለ6 ብታካፍሉ መቶኛውን ታገኛላችሁ። 342 ያመጣች ልጅ 57 በመቶ አላት።

መቶኛው የሚጠቅመው ከታላላቆቻችሁ ጋር ስትነጻጸሩ ነው። በ2014 እና በ2015 ፈተናው ከ700 ይታሰብ ነበር። ስለዚህ «ወንድሜ በ380 ገብቷል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 380 ከ700 ሲሆን 54 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ600 ሲሆን ግን ከ63 በመቶ ይበልጣል።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ያለፈው ሰው ሲበዛ ያው 320 በወረፋው ወደ ኋላ ይሄዳል። የድሮ መቁረጫ ነጥብ ስትሰሙ መጀመሪያ «የየት ዓመት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. ከ300 በታች ከሆነ

ሪሚዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን ላላገኙ ተማሪዎች የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት አለ። የመግቢያ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ለብቻው ያሳውቃል። ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት) ይገባል፤ የምህንድስናም በር አይዘጋበትም። ነጥቡ ይፋ ሳይሆን «እኔ አስገባችኋለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅ ሰው ግን አምስት ሳንቲም አትስጡ።

3. ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ

ምደባው ውጤትን፣ የምርጫችሁን ቅደም ተከተልና የዩኒቨርሲቲውን የቅበላ አቅም ያያል። በዚህ ደረጃ የምትመደቡት በተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪነት እንጂ በሲቪል ወይም በኤሌክትሪካል አይደለም። ስለዚህ የምትመርጡት ዩኒቨርሲቲ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አለበለዚያ ጥሩ ውጤት ይዛችሁ ትምህርቱ የሌለበት ቦታ ልትደርሱ ትችላላችሁ።

የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። እነዚህን የምታስቡ ከሆነ የምዝገባ ቀኑ እንዳያመልጣችሁ ማስታወቂያ ተከታተሉ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው የጤና ኮሌጅ ነው። በከተማችን ጎበዝ ልጅ ሲባል ቶሎ «ሐኪም ይሁን» የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ምህንድስና ለሚፈልግ ተማሪ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። ከላይ ያሉት ወደ ሕክምና ሲያዘነብሉ የቴክኖሎጂው ወረፋ ትንሽ ይቀልላል።

4. ፍሬሽማን፦ ዋናው ሚዛን

ትልቁ ነገር እዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ከተፈጥሮ ሳይንስ ወደ ምህንድስና፣ ጤና ወይም ሌላ ዘርፍ ይለያል። ከዚያ ዲፓርትመንት ይመጣል። ለዚህ ምደባ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የፍሬሽማን ጂፒኤን (ከ4 የሚሰላውን አማካይ ውጤት) እና የማትሪክ ውጤትን አዳምረው ይጠቀማሉ። ድርሻው ከቦታ ቦታ ይለያያል። የእናንተን ከሬጅስትራር (ከተማሪዎች መዝገብ ክፍል) ጠይቁ።

ለምሳሌ ጂፒኤው 70፣ ማትሪኩ 30 ከመቶ ይያዛል እንበል። አንዱ ተማሪ በማትሪክ 480 አመጣ፣ ማለትም 80 በመቶ። ጂፒኤው 2.8 ሆነ፤ ከ4 ሲሰላ 70 በመቶ ነው። 24 ሲደመር 49፣ በድምሩ 73 አገኘ። ሌላዋ በማትሪክ ያመጣችው 330 ነው፣ 55 በመቶ። ጂፒኤዋ ግን 3.6 ነው፣ 90 በመቶ። 16.5 ሲደመር 63፣ በድምሩ 79.5 ይሆናል። በማትሪክ 150 ነጥብ የበለጣት ልጅ እዚህ ከኋላዋ ቀረ።

ይህንን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። «የምፈልገው ዲፓርትመንት ባለፈው ዓመት በስንት ቆረጠ?» ብላችሁ ሲኒየሮችን ጠይቁና ምን ያህል ጂፒኤ እንደሚያስፈልጋችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የሒሳብና የፊዚክስ ውጤታችሁን ደግሞ ለይታችሁ ተመልከቱ። ድምሩን የተሸከሙት ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ከሆኑ ክፍል ሳይጀመር ሒሳቡን ከልሱ። ፍሬሽማን ላይ የሚያንገዳግደው እሱ ነው።

እዚሁ ጎንደር ለተመደባችሁ የጎንደር ልጆች፦ ቤተሰብ ቅርብ ነው፤ ሰርጉም ሐዘኑም ጥምቀቱም ይጠራል። ወላጆች፣ በዚህች አንድ ዓመት እባካችሁ ልጆቹ ቢቀሩ አትቀየሙ፤ እንዲያውም ቀድማችሁ ከቤት ሥራ አሳርፏቸው።

5. ዲፓርትመንት ስትሞሉ

የመጀመሪያውን መስመር ለምትመኙት ስጡት፤ ነጥቡ ቢያንገራግርም ሞክሩት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን በስሌታችሁ በእርግጥ በምትደርሱባቸው ሙሉ። ሁሉም ሲቪልና ኤሌክትሪካል ላይ ሲረባረብ ሌሎቹ ክፍት ይቀራሉ። ሃይድሮሊክስን (የውሃ ምህንድስናን) ተማሪዎች ሲንቁት እሰማለሁ፣ ያሳዝነኛል። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የመገጭ ግድብ ለዓመታት እየተጠበቀ፣ ከተማው በጄሪካን ውሃ እየተሰለፈ ከዚህ የበለጠ የሚፈለግ መሐንዲስ አለ ብዬ አላምንም።

ፎርሙን ስትልኩ ኮፒ ያዙ። ምደባው ተለጥፎ የጂፒኤ ወይም የማትሪክ ቁጥራችሁ ተሳስቶ ከተገኘ የቅሬታ ቀኑ አጭር ስለሆነ፣ የውጤት ወረቀታችሁን ይዛችሁ በዚያው ቀን ሬጅስትራር ሂዱ።