ያገለገለ ትራክተር ለድርቆሽ ስትገዙ ፍሪሲዮኑን ቀድማችሁ ፈትኑ

ኮምቦልቻ ዙሪያ ወይም ወደ ጨፋ ሜዳ ወረድ ብላችሁ ድርቆሽ በማሽን ለማሰር ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበቱን ነው። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ፍሪሲዮኑን ነው።

ማሰሪያው የሚሠራው ከትራክተሩ ኋላ በሚዞረው ዘንግ፣ ማለትም በፒቲኦው ነው፤ አብዛኛው በደቂቃ 540 ዙር። ወፍራም ክምር ሲያጋጥማችሁ ትራክተሩን አቁማችሁ ማሽኑ የዋጠውን እስኪጨርስ እንዲዞር መተው አለባችሁ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ፒቲኦውም አብሮ ከቆመ ማሽኑ ይታነቃል፣ ከዚያ ሞተር አጥፍቶ ሣር በእጅ መጎተት ነው፣ ደመና እየመጣ ከሆነማ አስቡት!

ፈተናው ቀላል ነው። ፒቲኦውን አስገቡ፣ በዝግታ እየሄዳችሁ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ድረስ ርገጡ። ጎማው ቆሞ ዘንጉ ከዞረ ፍሪሲዮኑ ባለሁለት ደረጃ ነው፣ ግዙት። ለፒቲኦው ለብቻው የራሱ ፍሪሲዮን ያለው ትራክተርም ያገለግላል። ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር በባለአንድ ደረጃም በባለሁለት ደረጃም ፍሪሲዮን ስለተሠራ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትመኑ።

ሣር ሰብስቦ መስመር ለማስያዝ ትንሽ ትራክተር ይበቃል። ለትንሹ ማሰሪያ ግን ሜዳ ላይ ከ35 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ፒቲኦው ላይ ቢኖር ጥሩ ነው። ወደ ደሴ በኩል ተዳፋት ላይ የምትሠሩ ከዚያ ከበድ ያለ ምረጡ፣ ቁልቁለት ላይ ማሽኑ ከኋላ ይገፋችኋልና ፍሬኑን በደንብ አስፈትሹ። የዘንጉ መሸፈኛ ከሌለውም ሥራ ሳትጀምሩ አስገጥሙለት፣ ልብስ ከያዘ አይለቅም።