የፋሲካ ቅቤና የደም ስራችን፦ ከድስቱ ምን እንቀንስ?

ጎንደር ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የማየው ነገር አለ። የሰው ደም ማሽን ላይ ተሽከርክሮ ሲወጣ ከላይ የሚጠለለው ፈሳሽ ጥርት ያለ ቢጫ መሆን አለበት። በእነዚያ ቀናት ግን የአንዳንዱ ሰው ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ነጩ ነገር ስብ ነው። ጠዋት የተበላው የዶሮ ወጥ ቅቤ ገና ደም ውስጥ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ቅቤ ተዉ የሚል ምክር እዚህ አገር አይሠራም፤ እኔም አልመክርም። መጠኑንና ድስት ውስጥ የሚገባበትን ጊዜ መለወጥ ግን ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ከማሳየቴ በፊት ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ።

የደም ስር ውስጠኛ ገጽ በአንድ ረድፍ ሴሎች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ሴሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመርታሉ። ደም ስሩ ላላ ብሎ እንዲሰፋ የሚያደርገው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን 50 ግራም ስብ ያለው ምግብ አንድ ጊዜ አበላ። ከዚያ በኋላ ባሉት ከ2 እስከ 4 ሰዓታት የክንዳቸው ደም ስር የመስፋት አቅም በግማሽ ገደማ ወረደ። ካሎሪው እኩል የሆነ፣ ስብ የሌለው ምግብ ሲበሉ ግን አልወረደም።

አሁን ወደ ድስታችን እንምጣ። ግማሽ ኪሎ ንጥር ቅቤ የገባበት ዶሮ ወጥ ለአስር ሰው ቢቀርብ ለእያንዳንዱ 50 ግራም ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ 30 ግራም ያህሉ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት (ሳቹሬትድ) ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ጥብሱና ዱለቱ ሳይቆጠር አልፈነዋል።

ቅቤ ዘረ መላችንንስ ይነካል? ከእናት ከአባታችን የወረስነውን ዘረ መል ቅቤ አይቀይረውም። የሚቀየረው የትኛው ይሠራል፣ የትኛው ያርፋል የሚለው ነው። ቤት ያለ ድስት ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይጣድ፣ ዘረ መሎችም ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ውፍረት ያላቸው ሰዎች ለ8 ሳምንት የሚረጋ ስብ የበዛበት ምግብ ሲመገቡ፣ በሰውነታቸው ስብ ውስጥ ከብግነት (ከሰውነት መቆጣት) ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ይበልጥ መሥራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ስብ ሲበዛ ጉበት ላይ ያሉት፣ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮችም ሥራቸው ይቀንሳል። ያልተለቀመው ኮሌስትሮል ደም ውስጥ ይቆያል፤ ቀስ በቀስም የደም ስሩ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም አያመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉና በደረቁ ጣዱት። ዘይትም ቅቤም አታስገቡ። እሳቱ ለስለስ ይበል። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። ቁሌቱ እስኪበስል አትቸኩሉ፤ የወጡ ጣዕም ግማሹ እዚህ ነው ያለው። ከዚያ በርበሬው ይግባና በትንሽ ውሃ ይብሰል። ዶሮውን ቆዳውን ገፋችሁ ጨምሩ። ቅቤው የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ ከመከለሻው ጋር ነው። መጨረሻ ላይ የገባ ቅቤ ሽታው ስለማይጠፋ ትንሹ ይበቃል። ለአስር ሰው ስድስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አድርጉ። ያኔ ለአንድ ሰው የሚደርሰው የሚረጋ ስብ 5 ግራም አካባቢ ይሆናል። በጭልፋ ወይም በግምት አትጨምሩ፤ በማንኪያ ቁጠሩ።

እናቴ መጀመሪያ «ቅቤው ካልታየበትማ እንግዳ ምን ይለኛል?» ብላ ነበር። «እማዬ፣ አንዴ ብቻ ሞክሪው» አልኳት። ቁሌቱን ራሷ ጊዜ ወስዳ አበሰለችው። እንግዶቹ ደግመው ጎረሱ፤ ስለ ቅቤው የጠየቀም የለም።

የተረፈውን ወጥ አሳድሩት። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ስቡ ላዩ ላይ ይረጋል። ከማሞቃችሁ በፊት በማንኪያ ግፈፉት።

ዘይትም በዚሁ ብርድ ይለያል። ጠርሙሱ ውስጥ አድሮ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ብዙውን ጊዜ የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። የኑግ ዘይት ሳይረጋ ያድራል። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ ኑግ ወይም ከመተማ ቆላ የሚመጣውን ሰሊጥ ገዝታችሁ ብታስጨምቁ ደስ ይለኛል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለዚህ ነው መጠኑንም ቀንሱ የምለው፤ ሽሮ በአንድ ማንኪያ ዘይት ጥሩ ሆኖ ይሠራል። ሳምቡሳ ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት ግን ደግማችሁ አትጠቀሙ።

ቅቤውን ቀንሳችሁ በለስላሳ መጠጥና በነጭ ዳቦ ብትተኩት ለደም ስር የሚተርፍ ጥቅም የለውም። በምስር፣ በባቄላ፣ በጎመን፣ ከጎርጎራ በሚመጣ ዓሣ ተኩት። ተልባም ጥሩ ነው፤ ግን ቆልታችሁ ፍጩት፣ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ያልፋል።

ለሚፈስኩ ደግሞ፦ የመጀመሪያው ቀን ዶሮው ይብቃ። ጥብሱ ለነገ፣ ክትፎው ለሌላ ቀን ይቆይ። የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱ ወጡን አስተካከልን ብላችሁ መድኃኒቱን እንዳታቆሙ።

ኮሌስትሮል ለመመርመር ስትመጡ፣ ባለሙያው ሳትበሉ እንድትመጡ ካዘዛችሁ ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ምግብ ሳትቀምሱ ቆይታችሁ ኑ። ውሃ መጠጣት ይቻላል። በልታችሁ ከሆነም ደም ከመቀዳታችሁ በፊት ንገሩን።