ሜትር ይዞ ሂርማታ፦ አንድ የገበያ ጥግ በስሪዲ እንዴት እንደሠራሁ

መጀመሪያ የለካሁት በረንዳ ነበር። ጅማ ከተማ፣ ሂርማታ ገበያ ውስጥ አምስት ሱቆች የሚጋሩት የሲሚንቶ በረንዳ። የሜትሩን ጫፍ ገና በድንጋይ ሳስይዝ ሦስት ባለሱቆች ወጡ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የሚፈርሰው?» አሉኝ አንዱ አዛውንት።

«ኧረ አይፈርስም ጋሼ! በኮምፒውተር ልሥለው ነው።»

ፊታቸው አልተፈታም። «የሚሥል ሰው ሜትር ምን ያደርግለታል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፎቶ መልክ ይሰጣል እንጂ ልክ አይሰጥም። ግን ይህን ለሳቸው ከማስረዳቴ በፊት ቡና መጠጣት ነበረብኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ካሜራ አይደለም። ሜትር ሳታወጡ ሰላም በሉ፣ ተቀመጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ቀደም ብላችሁ የሠራችሁትን ነገር በስልክ አሳዩ። እኔ ያሳየሁት የራሳችንን ቤት ኩሽና ነበር። ጋሼ ስልኩን በጣታቸው እያዞሩ «ድስቱም አለ!» ካሉ በኋላ የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ያዙልኝ።

ቀኑንም ምረጡ። ሂርማታ ከሸዋና ከከፋ የሚመጡ ነጋዴዎች ይገናኙበት የነበረ የጥንት ገበያ ነው። ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ ሜትር ይዞ መግባት ድፍረት ነው። ለመለካት እሑድ በማለዳ ሂዱ። ሐሙስን ለድምፅ አስቀምጡት፤ እመለስበታለሁ።

ትንሽ ቦታ ያዙ

ጅማ ላይ ስሪዲ የሚጀምር ሰው ሁሉ ወደ ጅሬን ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙበት። የእንጨት በረንዳው፣ ቅርጻ ቅርጹ፣ ማን ይጠላል? ነገር ግን ተመሳሳይ ምሰሶ በተደረደረበት ቦታ ከፎቶ የስሪዲ ቅርጽ የሚያወጣው ፕሮግራም አንዱን ምሰሶ ከሌላው ጋር ያምታታል። እኔ ያገኘሁት ውጤት ግማሽ በረንዳ አየር ላይ የተንሳፈፈበት ነበር። ሁለት ሳምንት አለቀ።

አሁን የምሠራው 18 ሜትር በ11 ሜትር ነው። አምስት ሱቅ፣ አንድ በረንዳ፣ ከፊቱ ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ፣ እትዬ ቡና የሚያፈሉበት ጥግ። ይህም ለአራት ወር በቅቶኛል።

እጅና እግር የሚነካውን ለኩ

ሁሉን መለካት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። እኔ የምለካው እጅ የሚነካውን፣ እግር የሚረግጠውን፣ ራስ የሚመታውን ነው። የደረጃ ከፍታ፣ የመደርደሪያ ቁመት፣ የበር ስፋት፣ የሸራው ዝቅታ። ጣሪያው በ10 ሴንቲ ቢሳሳት ማንም አያውቅባችሁም። ደረጃ በ10 ሴንቲ ከተሳሳተ ግን ሰውነት ወዲያው ያውቃል።

ይህን ያስተማረችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚሁ አድጋ አሁን አዲስ አበባ ትኖራለች። የመጀመሪያውን ሙከራ በቪአር መነጽር፣ ሞዴሉ ውስጥ የገባችሁ በሚያስመስለው፣ አሳየኋት። በረንዳው ላይ ልትወጣ ስትል ቆመች። «ይኼ የኛ በረንዳ አይደለም» አለች። «ለምን?» ብላት «የኛው ያዘልላል» አለችኝ። እኔ 15 ሴንቲ ብዬ በግምት ሠርቼው ነበር። ተመልሼ ስለካው 27 ሴንቲ ሆኖ አገኘሁት። በልጅነታችን በእውነትም እየዘለልን ነበር የምንወጣው።

መሬቱም ሜዳ አይደለም። ግንበኞች የሚሠሩበትን ዘዴ ተጠቀሙ፦ ውስጡ የሚታይ የውሃ ጎማ ውሃ ሙሉበት፣ ሁለቱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ውሃው የቆመበት ቦታ ሁለቱም ጋ እኩል ከፍታ ነው። ከዚያ ወደ መሬት ለኩ። በእኔ 18 ሜትር ውስጥ መሬቱ 40 ሴንቲ ይወርዳል። በዓይን አይታይም። በሞዴሉ ውስጥ ስትሄዱ ግን ይሰማል። ዝናብ ካባራ በኋላ ደግሞ ጠመኔ ይዛችሁ ውጡ፤ ውሃ ያቆረባቸውን ቦታዎች አክብቡና ፎቶ አንሱ። ከዝናብ የተሻለ ውሃ ልክ የለም።

ፎቶ

ደመናማ ጠዋት ይመረጣል። ፀሐይ ከወጣች ጥላው ግድግዳው ላይ ይታተምና በኋላ ማታ የሚመስል ትዕይንት ልትሠሩ ስትሉ የቀን ጥላ አብሯችሁ ይኖራል። ጅማ ደግሞ ደመና አትነፍግም። ችግሩ መሬቱ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ነገር ያብለጨልጫል፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ፕሮግራሙን ያሳስተዋል። ደመና ያለበት ግን ያልዘነበበት ጠዋት ክረምት ላይ ማግኘት ሎተሪ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል።

የስልካችሁን ካሜራ ብርሃንና የቀለም ሚዛን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ አንዱ ግድግዳ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ነጭ ወረቀት ፎቶ አንሱ፤ ቀለም ስታስተካክሉ መነሻ ይሆናችኋል። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ አንድ ፎቶ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው ጋር 70 በመቶ ያህል መደራረብ አለበት። አንድ ቦታ ቆማችሁ ዙሪያውን አታንሱ፤ እናንተ ራሳችሁ ተንቀሳቀሱ። በጉልበት ከፍታ አንድ ዙር፣ በደረት አንድ ዙር፣ እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ አንድ ዙር። እኔ ለበረንዳው ብቻ 430 ፎቶ አንስቻለሁ።

ሁልጊዜ ልኩ የታወቀ ነገር ፎቶው ውስጥ ይግባ። ፕሮግራሙ ከፎቶ ቅርጽ ያወጣል እንጂ ነገሩ ሁለት ሜትር ይሁን ሁለት ሴንቲ አያውቅም። እኔ በየ10 ሴንቲው ቀይና ነጭ የተቀባ የአንድ ሜትር ዱላ አስቀምጣለሁ።

ላይዳር (ርቀትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ያለው አይፎን ያላችሁ እስከ 5 ሜትር ያህል በቶሎ ይለካላችኋል፤ ለመሬት ጥሩ ነው፣ ለጥቃቅን ነገር አይረባም። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ጣሪያውን ማየት ከፈለጋችሁ ፊት ለፊት ያለውን ፎቅ ባለቤት ለምኑ።

ኮምፒውተር

ፎቶዎቹን ወደ ስሪዲ ሞዴል የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ሜሽሩም፣ ነፃ ነው፤ ግን በደንብ ለመሥራት የኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የእኔ ላፕቶፕ የለውም። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን የት ይገኛል? የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርጉ ቤቶች ውስጥ! አንድ ጓደኛዬ ሌሊት ሌሊት ይለቅልኛል። እኔም በለውጡ የሠርግ አልበም እቆርጥለታለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ አትደንግጡ፤ ሜሽሩም የጨረሰውን ደረጃ ያስቀምጣል፣ ስትመለሱ ከዚያው ይቀጥላል።

የሚወጣው ሞዴል የመጨረሻው አይደለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ፖሊጎን (ቅርጹ የሚገጣጠምበት ጥቃቅን ገጽ) ያለው፣ ቀዳዳው የበዛ፣ ሰም የቀለጠበት የሚመስል ነገር ነው። እኔ የማየው እንደ ንድፍ ነው። ብሌንደር የሚባለው የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼ በዱላው ልክ አስተካክለዋለሁ፤ ከዚያ ላዩ ላይ ንጹሑን ቅርጽ እንደገና እሠራለሁ። ጠፍጣፋ ግድግዳ ጠፍጣፋ ይሁን። የልስኑን ሸካራነት ኖርማል ማፕ፣ ጠፍጣፋውን ወጣ ገባ የሚያስመስለው ምስል፣ ይሸከመው። ሳልነካው የምተወው ወጣ ገባ የሆነውን ብቻ ነው፦ ድንጋይ፣ ጆንያ፣ የእትዬን በርጩማ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ በእጅ ሞዴል እሠራለሁ ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

ቆርቆሮን ፎቶ አንስቶ ማውጣት አይሞከርም። ሞገዱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፕሮግራሙ ይጠፋበታል። አንድ ቆርቆሮ ለክታችሁ ሥሩ፣ ደርድሩት፣ ከዚያ ዝገቱን በእጅ ቀቡ። ዝገት ከየትም አይጀምርም። ከምስማሩ ቀዳዳና ሁለት ቆርቆሮ ከተደራረበበት ጠርዝ ይጀምራል፣ ወደ ታች ይወርዳል።

ቀዩ ልክ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጅማን ጅማ የሚያስመስላት ከሕንፃው ይልቅ የግድግዳው እግር ነው ባይ ነኝ።

ከጣሪያ የሚወርድ ጠብታ ቀዩን አፈር ይመታል፤ አፈሩ ግድግዳ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ግድግዳው ሁሉ ከታች ቀይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቀጥ ያለ ቀይ ቀበቶ አድርጎ ይቀባዋል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት። አሸንዳው ደህና በሆነበት ቀዩ ከ15 ሴንቲ አያልፍም። አሸንዳው በተቀደደበት ሦስተኛው ሱቅ ላይ እስከ 60 ሴንቲ ይወጣል፤ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ በርበሬ የተነሰነሰ ጠቃጠቆ አለው። አግዳሚ ወንበር የነበረበት ቦታ ላይ የወንበሩን ቅርጽ የያዘ ንጹሕ ግድግዳ ቀርቷል። በሩ ጎን በትከሻ ከፍታ ላይ ደግሞ ጥቁር፣ ያበራ ወዝ አለ፤ ደንበኛ እየተደገፈ ሲያወራ የኖረበት። ይህን ሁሉ ቀባሁ። ሦስት ቀን ፈጀ። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ክፍል እሱ ነው።

ፀሐይና ዝናብ

ከኢንተርኔት የሚወርዱ የሰማይ ፎቶዎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ሰማይ ናቸው፤ ፀሐያቸው ዝቅ ያለች፣ ጥላቸው ረጅም። የኛ እንደዚያ አይደለም። ብሌንደር የፀሐይን ቦታ የሚያሰላ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ለጅማ 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ፣ የሰዓት ክልል ሲደመር 3 አስገቡ። ሰዓቱን ስታስገቡ ግን ፕሮግራሙ የኛን አቆጣጠር አያውቅም። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ብዬ 3 አስገባሁ፤ ስክሪኑ ጨለመ። መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁ። 9 ነው የሚባለው።

ወሩም ይለያል። ሰኔ ላይ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፣ ታኅሣሥ ላይ በስተደቡብ። የእኔ በረንዳ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፤ ሰኔ ላይ ደመናው ከገለጠ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ሥሩ ድረስ ትገባለች። ሸራው ለምን እንደሚጠቀለልና ለምን እንደሚዘረጋ የገባኝ ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

እርጥቡን ጅማ ለመሥራት ደረቁን ፎቶ አጥቁሩት፣ የሸካራነቱን ቁጥር ቀንሱ፣ ውሃውን በጠመኔ ያከበባችሁበት ቦታ ላይ ብቻ አቁሩ።

ድምፅ፣ ጽሑፍ፣ ሰው

ሐሙስ ሂዱና አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ አሥር አሥር ደቂቃ ቅዱ። ዝናብን ሁለት ጊዜ ቅዱ፦ ከቆርቆሮው ሥርና ከውጭ። አንዱን ድምፅ ለሁለቱም ካደረጋችሁት በረንዳው በረንዳ መሆኑ ይቀራል። የሙቀጫ ድምፅ፣ የባጃጅ ሞተር ሲነሣ፣ አዛን። እያንዳንዱ ከራሱ ቦታ ይምጣ።

የሱቅ ጽሑፎችን አታርሙ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በእጅ የተጻፈውን ከነስሕተቱ ገልብጡ። ስልክ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። የሰው ፊት ሳታስፈቅዱ አታስገቡ፤ የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥርም ለቀረጻ አይመች፣ ተዉት። እኔ ሰው አላስገባሁም። በምትኩ ግማሽ የተጠጣ ሲኒ፣ ደፉ ላይ የወለቀ ነጠላ ጫማ፣ የተከፈተ ጓጉንቸር አስቀመጥኩ። ባዶ ሳይሆን አሁን ተነሥተው የሄዱበት ይመስላል።

ፋይሎቻችሁን በቀን ሰይሙ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ያኔ የለካሁት አግዳሚ ወንበር ዛሬ የለም።

ሲጨረስ መጀመሪያ ለቦታው ሰዎች አሳዩ። አድናቆት አትጠብቁ፤ የራሳቸውን ነገር ነው የሚፈልጉት። ጋሼ መደርደሪያቸውን አይተው ሳሙናው በዝቷል አሉ። እትዬ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ረከቦቴን በቀኝ አደረግከው።»

«ፎቶው ላይ በቀኝ ነበር እኮ እትዬ።»

«ያን ዕለት እህቴ ነበረች የምታፈላው። እኔ ግራኝ ነኝ።»

ማታውን ረከቦቱን ወደ ግራ አዛወርኩት። ጀበናውንም አብሬ አዞርኩት፤ ጆሮው በሌላ በኩል መሆን ነበረበት።