ስማርት ሰዓታችሁ የስልካችሁን መልዕክት አላሳይ ካለ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

በቀደም የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጣ። እጁ ላይ አዲስ አፕል ዋች አስሯል። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ቴክኖ ነው። ሰዓቱን የላከችለት እህቱ ናት፣ ከጅዳ። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱን ለማገናኘት ሲታገል ሰንብቷል፣ አንድ ሱቅም "አብሽር፣ እናስተካክለዋለን" ብሎ ገንዘብ ተቀብሎታል፣ ሰዓቱ ግን አይፎን አቅርብ ከሚለው ገጽ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ያሳዝናል። ሰው ባለማወቁ ብቻ ገንዘቡ ሲበላ በጣም ያናድደኛል፣ ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ የተለመደ ነው። ዘመድ ከዓረብ አገር ሰዓት ይልካል፣ ስልካችን ደግሞ ሌላ ነው።

የማይሆነውን ለማስሆን መታገል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አፕል ዋች ከአይፎን ውጪ ከሌላ ስልክ ጋር አይገናኝም። ገና ሲከፈት አይፎን ይጠይቃል። አፕ በመጫን ወይም ፍላሽ በማድረግ የሚስተካከል አይደለም፣ እናስተካክላለን የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

በተቃራኒውም አለ። ጋላክሲ ዋች 4 እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ከእሱ ጀምሮ ያሉት የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋቾች ከአይፎን ጋር አይሠሩም። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ለምሳሌ ጋላክሲ ዋች 3፣ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ሻጩ "ሳምሰንግ ከአይፎን ጋር ይሠራል፣ እኔ ራሴ ተጠቅሜዋለሁ" ቢላችሁ ላይዋሽ ይችላል፣ የሚያወራው ግን ስለ አሮጌው ነው። ለአዲሶቹ ጋላክሲ ዋቾች ስልኩ አንድሮይድ ቢሆንም የጉግል አገልግሎት ሊኖረው ይገባል። ጉግል የሌለባቸው አዳዲስ የሁዋዌ ስልኮች አይሆኑም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት አይፎን ላለው ሰው ሽጠህ ለስልክህ የሚሆን ግዛ ነው። የእሱ አዲስ ስለሆነ ችግር የለውም። ያገለገለ ሰዓት ከሆነ ግን የላከችው ሰው ከራሷ አፕል አካውንት ማውጣት አለባት፣ ካላወጣች የሚገዛው ሰውም ሊከፍተው አይችልም። እዚያው ጅዳ ሆና በአይክላውድ፣ ማለትም በአፕል የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ማውጣት ትችላለች፣ ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ደውሉላት።

ከስልኩ ብሉቱዝ በቀጥታ ማገናኘት

ገበያ ላይ በርካሽ የምናገኛቸው ሰዓቶች ሌላ ታሪክ ናቸው። ብዙዎቹ ከስልክህ ጋር አይሄድም ይባላሉ እንጂ ይሄዳሉ። ሰው የሚያደርገው የስልኩን ብሉቱዝ ከፍቶ የሰዓቱን ስም መንካት ነው። ተገናኝቷል ይላል። ሲደወል ድምፁ በሰዓቱ ይመጣል፣ መልዕክት ግን የለም። ለምን? በዚያ መንገድ የተገናኘው የጥሪው ድምፅ ብቻ ስለሆነ ነው። መልዕክቱን የሚያሻግረው የሰዓቱ አፕ ነው።

እንግዲህ የሰዓቱን ስም ከብሉቱዝ ዝርዝር አጥፉት። አፑን ጫኑ፣ ከዚያ ከአፑ ውስጥ ሆናችሁ ሰዓቱን ፈልጉ። አላገኘውም ካለ ሎኬሽን ክፈቱ፣ ከአንድሮይድ 12 በታች ያለ ስልክ ሎኬሽን ካልተከፈተ እንዲህ ያለ ሰዓት ፈልጎ አያገኝም። ከ12 ጀምሮ ደግሞ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የሚል ፈቃድ ይጠይቃል፣ ፍቀዱለት።

ያገኙትን አፕ ሁሉ መጫን

የጓደኛችሁ ሰዓት ዳ ፊት በሚባለው አፕ ስለሠራ የእናንተም ይሠራል ማለት አይደለም። መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ ዳ ፊት፣ ሌላው ፊት ፕሮ፣ ሌላው ደግሞ ፊት ክላውድ ፕሮ ሊፈልግ ይችላል። ትክክለኛውን ለማወቅ ካርቶኑ ላይ ወይም የሰዓቱ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጉ። የአፑን ስም ካወቃችሁ በኋላ ከፕሌይ ስቶር አውርዱት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) አውርዶ መጫን እኛ ዘንድ ቀላል ነገር ሆኗል። የሰዓት አፕ ግን ኖቲፊኬሽን የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃችኋል። ይህ ፈቃድ ማለት ስልካችሁ ላይ ብቅ የሚለውን ሁሉ ሊያነብ ይችላል ማለት ነው። ከባንክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድም፣ ከቴሌብር የሚመጣውን መልዕክትም፣ የቤተሰብ ወሬም። አንድሮይድ 13 በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንዲህ ከውጭ የመጣ አፕ ይህን ፈቃድ በቀላሉ እንዳያገኝ ቆለፈበት። ልትነኩት ስትሉ ደብዝዞ እምቢ ካላችሁ ያ ነው። ብዙ ሰው ግን ዩቲዩብ ላይ ገብቶ መክፈቻውን ይፈልጋል። አደራ፣ የማታውቁት አፕ ከሆነ አትክፈቱት። ሰርዙትና ከስቶር አውርዱ።

ሚ ባንድ ወይም አሜዝፊት የሚባሉት ሰዓቶች ላላችሁ ጋጅትብሪጅ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ግን በመጀመሪያ ከዋናው አፕ ቁልፍ፣ ማለትም የማገናኛ ኮድ፣ ማምጣት ስለሚጠይቁ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ፈቃዱን ግማሽ መንገድ ትቶ መውጣት

የኖቲፊኬሽን ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንዱ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሌላው የሰዓቱ አፕ ውስጥ። በሁለተኛው የእያንዳንዱን አፕ ማብሪያ ታገኛላችሁ፣ ኤስኤምኤስ፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ እያለ ይዘረዝራል። ቴሌግራም በስሙ ካልተዘረዘረ ከታች "ሌሎች" የሚለውን አብሩ።

አፑ እንዲተኛ መተው

ይህ በራሴ የደረሰ ነው። በሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ይዘናል። ስልኬ ጃኬቴ ውስጥ ነው፣ ስክሪኑ ጠፍቷል። እናቴ ሁለት ጊዜ ደውላለች፣ ሰዓቱ ጭጭ። ኮምቦልቻ ወርጄ አፑን ስከፍተው ያኔ ተገናኘ።

ጥፋቱ የሰዓቱ አልነበረም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራ አፕን ይዘጋሉ። ሳምሰንግና ሻዎሚም ያደርጉታል። ወደ አፑ መረጃ ገብታችሁ ባትሪ የሚለው ላይ ያልተገደበ አድርጉት። በራሱ እንዲነሳም ፍቀዱለት። የተከፈቱ አፖችን ስታጸዱ እሱን አትጥረጉት፣ የቁልፍ ምልክት ካለ ቆልፉት። ፎን ማስተር የሚባለው የስልክ ማጽጃ አፕ ያላችሁ ደግሞ ሜሞሪ አጽዳ ባላችሁት ቁጥር የሰዓቱንም አፕ አብሮ ሊዘጋው ይችላል። አፑ አፕዴት ሆኖ ድንገት ዝም ካለ የኖቲፊኬሽኑን ፈቃድ አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት፣ ብዙ ጊዜ ይነቃል።

አይፎን ያላችሁ ደግሞ

ብሉቱዝ ውስጥ ከሰዓቱ ስም ጎን ያለችውን የመረጃ ምልክት ንኩ። የስልኩን ኖቲፊኬሽን ለሰዓቱ የሚያጋራውን ማብሪያ አብሩ። መልዕክት መጣ ብቻ እያለ ውስጡን የማያሳይ ከሆነ፣ ኖቲፊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ቅድመ ዕይታውን ሁልጊዜ አሳይ አድርጉት።

ከዚያ በፊት ግን የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፑ ሚዩት እንዳልሆነ፣ ሰዓቱም አትረብሹኝ ላይ እንዳልሆነ እዩ። በዚህ ብቻ ስንት ሰው ሰዓቱ ተበላሸ ብሎ መጥቶብኛል።

አማርኛውን ሳይሞክሩ መግዛት

"እማዬ" ብዬ የመዘገብኩት ስም በመጀመሪያው ሰዓቴ ላይ ሦስት ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ነበር የሚመጣው። የወንድሜም አራት ማዕዘን፣ የአለቃዬም አራት ማዕዘን። ማን እንደደወለ ለማወቅ ተመልሼ ስልኬን ማውጣት ነበረብኝ። ርካሽ ሰዓቶች ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደል ውስጣቸው የለም። የስልኩን ፎንት መቀየር ምንም አያደርግም፣ የጎደለው ሰዓቱ ውስጥ ነውና። አንዴ ከገዛችሁት ያለው አማራጭ የምትፈልጓቸውን ሰዎች ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መመዝገብ ነው። የአማርኛ መልዕክቱ ግን እንደዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ደሴ ውስጥ ፒያሳም ግዙ ሸዋ በር፣ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ከራሳችሁ ስልክ ጋር አገናኙት። ሻጩን በአማርኛ አንድ ኤስኤምኤስ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የስልካችሁን ስክሪን አጥፉና ሰዓቱን እዩ። ፊደሉ ከመጣ ግዙት። አራት ማዕዘን ከመጣ ሌላ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።