ሲጋራ ለማቆም የጅብ ጥላ አትልቀም

ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ ቁጭ ብለን አንዱ ጓደኛዬ «ፈረንጆቹ እንጉዳይ በልተው ሲጋራ አቆሙ አሉ» ብሎ አሳቀን። ነገሩ ግን ውሸት አይደለም። አሜሪካ ያሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሲሎሳይቢን የሚባለውን፣ አንዳንድ እንጉዳይ ውስጥ ያለውን ቅዠት የሚያመጣ ንጥረ ነገር ከወሰዱ 15 አጫሾች 12ቱ ከስድስት ወር በኋላ አያጨሱም ነበር። 15 ሰው ግን ትንሽ ነው፤ ማወዳደሪያ ቡድንም አልነበረም። ደግሞም ዝም ብለው አልዋጡትም፤ ለሳምንታት ምክር ወስደዋል፣ የማቆሚያ ቀን ቆርጠዋል፣ ባለሙያም አጠገባቸው ነበር። ስለዚህ ክረምት ላይ ጮቄ ተራራ ሥር የበቀለውን የጅብ ጥላ ለቅመህ እንዳትሞክር። መርዛማው ዓይነት ጉበትን ይጨርሳል፣ በዓይን አይለይም።

አንተ የምትወስደው ሌላውን ግማሽ፣ ዝግጅቱን ነው። ቀን ቁረጥ። ለምን እንደምታቆም በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፈህ ኪስህ ክተት። መቼ መቼ እንደምታጨስ ለአንድ ሳምንት መዝግብ፤ እኔ ስመዘግብ ግማሹ ከአረቄ ጋር፣ የቀረው ከቡና በኋላ ሆኖ አገኘሁት፣ አፈርኩ። አረቄ ቤቱን ለጊዜው ተወው፣ ጓደኞችህ ቢያኮርፉም። ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍም ያስቸግርሃል፣ ለቤተሰብ አስቀድመህ ንገር። አምሮቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ቆሎ ቆርጥም፣ ውሃ ጠጣ፣ ተነስተህ ሰፈሩን ዙር። አንድ ፍሬ ካጨስክ ደግሞ «አለቀልኝ» ብለህ ፓኮ አትግዛ። እዚያው ጣላትና ቀጥል።