የሰፈር በጎ አድራጊ ሲያርፉ፦ የሕይወት ታሪካቸው እንዴት ይሰብሰብ፣ እንዴት ይጻፍ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰፈር ሲያገለግሉ የኖሩ ሰው ሲያርፉ ቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል። በዚያ ግርግር መሀል ፊደል ቆጥሯል የተባለ አንድ ወጣት ይጠራና «የሕይወት ታሪክ ጻፍ» ይባላል። በአንድ ሌሊት የሚጻፈው ደግሞ ለማንም ቢነበብ የሚሆን ነው፦ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ለበጎ አድራጊ ይህ አይበቃም። የሠሩት ሥራ በየሰው ቤት ተበትኖ ነው ያለው፤ አብዛኛውን የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አያውቁትም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ለቀብሩ ዕለት ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ በሰፈሩ የሚታወቁባቸው ሁለት ነገሮች። ሙሉው ጽሑፍ ለአርባው ይድረስ። ሟች ሙስሊም ከሆኑ ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ስለሚፈጸም ለመጻፍም ለማንበብም ጊዜ የለም፤ ሙሉው ጽሑፍ ቤተሰቡ ለዱዓና ለሰደቃ ሰው በሚጠራበት ቀን ይነበብ፤ ቀድሞ ግን ቤተሰቡንም ኢማሙንም ጠይቁ።

ከቅሬው አንድ፣ ከቤተሰቡ አንድ፣ ከወጣቶቹ አንድ፣ ሦስት ሰው ይመረጥ። ከዚያ በላይ ሲሆን እያንዳንዱ ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይተወዋል። አንድ ደብተር ግዙና ገጹን አራት ቦታ አስምሩ፦ ማን ተናገረ፣ ምን ተደረገ፣ መቼ፣ በአደባባይ ይነበብ ወይስ አይነበብ። አራተኛውን ዓምድ ባዶ አትተዉ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ለቅሶ ደራሹን «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ደግ ነበሩ» ነው፣ ከዚያም ዕንባ ይቀጥላል። «ለመጨረሻ ጊዜ ቤትዎ ሲመጡ ምን ይዘው ነበር? ማንን አስከትለው? በስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። እጅ የያዘው ነገር ሲጠየቅ ሰው ያስታውሳል። ለምሳሌ ከእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገኘው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሰኔ ሲገባ ጣሪያቸው የሚያፈስባቸውን አቅመ ደካሞች እየዞሩ ይመዘግቡ ነበር። ቆርቆሮውን ከአንዱ ነጋዴ፣ ሚስማሩን ከሌላው ለምነው፣ መሰላሉን ግን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው ይመጣሉ።» መሰላሉን የሰማ ሰው ደግነታቸውን ሌላ ሰው እንዲነግረው አይፈልግም።

በስልክ ስትቀዱ ፈቃድ ጠይቁ፣ ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ የአውሮፕላን ሁነታውን ክፈቱ፣ ስልኩን ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አትቅዱ፤ ዝናቡ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ጣሪያውን ሲደበድብ ከቀረጻው አንድ ቃል አይለይም። ጠዋት ሂዱ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከመንገድ የራቀውን ክፍል ምረጡ፤ የባጃጅ ድምፅ እንደ ዝናቡ ያስቸግራል።

ቀን ላይ ብዙ ስህተት ይፈጠራል። ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት ላያስታውሱ ይችላሉ፤ «ከ66ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? በ77 የት ነበሩ? ደርግ በ1983 ሲወድቅ ልጃቸው ተወልዶ ነበር?» ስትሏቸው ግን አይስቱም። ለቅርቡ ደግሞ የ2014ቱ ጦርነት መለያ ነው፤ ከተማው ከመያዙ በፊት በ2013 ተፈናቃዮች ሲመጡ፣ ከዚያም ሕዝቡ ራሱ ሲፈናቀል፣ ማን ምን እንዳደረገ ሁሉም ያስታውሳል። አንድን ነገር ቢያንስ ከሁለት ሰው አረጋግጡ። የውጭ ድርጅት የሰጠው የምስክር ወረቀት ካለ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። ኅዳር 1984 ተብሎ በፈረንጅ የተጻፈውም፣ መጋቢት 1985 የተባለውም በእኛ 1977 ነው። ይህ ካልተስተካከለ ሟች ካረፉ በኋላ የተሸለሙ ሊመስሉ ይችላሉ።

በ2014 ሰነድና ፎቶ የጠፋባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ቤት ሰነድ አምጡ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። የቅሬውን የመዋጮ መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱን የወላጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የሠርግ አልበም ያላቸውን ጎረቤቶች ጠይቁ፤ ሰውየው ሌላው ሰው ሠርግ ላይ ወጥ ሲያወጡ የተነሱት ፎቶ ከጉርድ ፎቶ ይሻላል። የታተመ ፎቶ በስልክ ስታነሱ ከመስታወቱ አውጡት፣ መስኮት አጠገብ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ዘርጉት፣ ፍላሽ አጥፉ። ለባነር ቤት በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀነስና ባነሩ ላይ ፊታቸው ይደበዝዛል። ከመታተሙ በፊትም ስማቸውን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ፊደል በፊደል ያንብበው።

አሁን ወደ አራተኛው ዓምድ። በጎ አድራጊን ስናወድስ የተረዳውን ሰው እናዋርዳለን፤ ይህ በብዙ ለቅሶ ላይ የሚታይ ጥፋት ነው። «የእገሌን ልጅ ዩኒፎርም የገዙላት» ተብሎ ድንኳን ውስጥ ሲነበብ ልጅቷ እዚያው ተቀምጣለች። ወንጌሉም ሐዲሱም ቀኝ እጅ የሚሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ ይላሉ፤ ሟችም ሲሰጡ ደብቀው የሰጡት ለዚህ ነው። ስም አይጠራ፣ ቤቱን የሚያስለይ ምልክትም አይገባ። «ለስድስት ተማሪዎች» ማለት ይቻላል፣ ቁጥሩ ከተረጋገጠ። ተረጂው ራሱ ቆሞ ልናገር ካለ ይናገር፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ጽሑፉ ሲነበብ ከሰባት ደቂቃ አይለፍ፤ ሦስት ገጽ ግድም ማለት ነው። ፊደሉን 16 አድርጉት፣ መስመሩን አራርቁት፣ ገጹን ቁጠሩት። ልጆቻቸው አያንብቡ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ድምፃቸው ይቆረጣል። የሰፈር ሰው ያንብብ፣ ቅጂ የያዘ ተጠባባቂም አጠገቡ ይቁም። ሰፈሩ የሚጠራቸው ስም አይቅር፤ መታወቂያ ላይ ባለው ስም ብቻ ከተነበበ «ማን ናቸው?» የሚል ይበዛል። ወሎ ነውና ለቀስተኛው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ ታሪኩ አንድ ይሁን፣ መጨረሻ ላይ ግን «ነፍስ ይማር»ንም ዱዓውንም ለባለቤቶቹ ተዉላቸው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትደባልቁት።

መረጃ ስትሰበስቡ አንድ ሌላ ነገር ይወጣል፤ ከጽሑፉም ይበልጣል። እኒያ ሰው በየወሩ የሚያደርጉት ነገር ነበር፦ የአንዷ እናት የደም ግፊት መድኃኒት፣ የአንድ ተማሪ የቤት ኪራይ፣ ከቅሬው በአደራ የተቀመጠ ብር። እሳቸው ሲያርፉ ይህ ሁሉ በዚያው ወር ይቆማል፣ ተረጂውም በለቅሶ መሀል አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። በደብተሩ ጀርባ ለብቻው መዝግቡት፣ መድኃኒቱን ከሁሉም አስቀድሙ፤ አርባን አይጠብቅም። የአደራ ገንዘብ ከቤተሰቡ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል በሦስት ምስክር ተቆጥሮ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ይፈረምበት።

መታሰቢያ ይቋቋም ከተባለ ከዚህ ዝርዝር ጀምሩ። ሐውልትና አዲስ ማኅበር ከማሰብ በፊት ሟች የጀመሩት የአንድ ተማሪ የዓመት ወጪ ይታሰብ፦ ኪራይ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ትራንስፖርት። ድምሩን ለፈቃደኛ ቤቶች አካፍሉትና በወር ስንት እንደሚደርስ ለእያንዳንዱ ንገሩ። «የቻላችሁትን» ከተባለ በሦስተኛው ወር መዋጮው ይደርቃል። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ሙት ዓመቱ ላይ ገቢና ወጪው ለሰፈሩ ይነበብ፣ ያኔም ቢሆን የተማሪው ስም ሳይጠራ።